ጽዋ ብቻውን አይሄድም

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ቁልፍ፣ ዚፕና ክር የሚፈልግ ሰው አይናዲስ ሱቅ ከመግባቱ በፊት ፊቷን ያያል። ፈታ ካለች ይገባል፤ ካኮረፈች ዚፑን ሌላ ቦታ ይፈልጋል። በዚያ ሰሞን ግን አንድም ቀን ስላልተፈታች ደንበኛው ሁሉ ግራ ገባው። የሸሚዝ ቁልፍ የጠየቃትን ልብስ ሰፊ «የለም» ብላ መለሰችው፤ ቁልፉ በትልቅ ጣሳ ሞልቶ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼው ነው። ሰውየው ምን አጠፋ? የተቆጣችው ልጇን ምኞትን ነው፤ ምኞት ደግሞ የእናቷ እጅ የማይደርስበት አገር ናት።

አገሩ ስም አለው። አይናዲስም ስሙን ታውቀዋለች፤ ግን አትጠራውም። «በረዶው አገር» ትላለች፣ እሱንም በግድ። የልጅ ልጇ ክርስትና ሊነሣ ጊዜ ቪዛ ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። ከመስተዋቱ ወዲያ የተቀመጠው ሰው በአስተርጓሚ «ከሄድሽ በኋላ ለመመለስሽ ምን ምክንያት አለሽ?» አላት። ልብስ ሰፊ የነበረው ባሏ ፈቀደ ከሞተ ቆይቷል፤ የክርና የቁልፍ ንግዱን ያስጀመራትም እሱ ነው። ያለቻት ልጅ አንዲት ናት፣ እሷም እዚያው ናት። አይናዲስ ብዙም ሳታስብ «በአሥራ ስድስት ማኅበር አለብኝ» ብላ መለሰች። አስተርጓሚዋ ሳቀች። ቪዛውም ተከለከለ፤ ለመመለስ በቂ ምክንያት የላትም ተባለ። የልጅ ልጇ አያቱ በሌለችበት ክርስትና ተነሣ። ከክልከላው ይልቅ ዛሬም ድረስ የሚያንገበግባት ሳቁ ነው፤ እውነቷን ነበራ። ከዚያ ማኅበር የሚበልጥ መመለሻ አልነበራትም።

ማኅበሩ የእናቷ ነው። እናቷ ለተክርስቶስ እሪ በከንቱ ውስጥ ከጎረቤቶቿ ጋር የኪዳነ ምሕረትን ጽዋ ማኅበር ስትጀምር አይናዲስ ገና ዳዴ ትል ነበር። በየወሩ በአሥራ ስድስት፣ ተራ የደረሰው ማኅበርተኛ ዳቦ ደፍቶ፣ ጠላ ጠምቆ ይጠብቃል፤ ቄሱ ይጸልያሉ፤ ጽዋው ይገለጣል፤ ሲያበቃ ቀጣዩ ተረኛ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ጽዋው ራሱ ዓይን አይሞላም፤ ከንፈሩ የተሸረፈ ጥቁር የሸክላ ዕቃ ነው። ክብሩ የገባበትና የወጣበት ቤት ብዛት ነው።

ለተክርስቶስ አንዳንድ ነገር ላይ ግትር ነበረች። ጽዋው ከተገለጠ በር አይዘጋም፤ የእግዜር እንግዳ ማን ሆኖ እንደሚመጣ አይታወቅምና። በዚያ በር ዶሮ ጠፍታባት የምትፈልግ ሴት ገብታ ዳቦ ተቆርሶላታል፤ ቤት የተሳሳተ ሰካራም ገብቶ ከቄሱ አጠገብ ተቀምጦ አልቅሷል። ጽዋውን «ለእኔ ይሁን» ብሎ የጠየቀ፣ ድሃ ነው ሀብታም ነው ተብሎ አይከለከልም። ደግሞም ጽዋ ብቻውን አይሄድም። ማኅበርተኛው ሁሉ እየዘመረ ተቀባዩን ቤቱ ድረስ ይሸኘዋል፣ ገብቶም ያለውን ቀምሶ ይመለሳል። አንዱ መንገዱ ርቆበት ሲያጉረመርም ለተክርስቶስ «ቤቱን ካላወቅህ ሲታመም የት ብለህ ልትጠይቀው ነው?» ትለው ነበር። እሷ ስትሞት መሪነቱ ለአይናዲስ ተሰጠ። የጽዋ ማኅበር መሪ ሙሴ ይባላል፤ ሴትም ብትሆን ሙሴ ናት።

ከዚያ ሰዉ መሄድ ጀመረ። አንዷ ቤይሩት ሄደች፣ ሌላው ዴንቨር፤ ቤታቸው የፈረሰባቸው ደግሞ ከተማው ዳር ወጥተው ታክሲ እየቀያየሩ መምጣት ጀመሩ። ምኞት ነርስነት ተምራ በረዶው አገር ገባች። ውጭ ያሉት «ቢያንስ ጸሎቱን እንስማ» ሲሉ ስልክ ከመሶቡ ተደግፎ ይቆምላቸው ጀመር። ያን ጊዜ አይናዲስ ደስ ብሏት ነበር፤ ይኼ አይካድም። ጠላ ሲረጭበት በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገው ነበር።

ስልኩ ግን እንግድነቱን ረሳ። መጀመሪያ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ። ቀጥሎ ስሙ «ዓለም አቀፍ» ሆነ። ዴንቨር ያሉት እርስ በርስ ተጣልተው በአንድ ስም ሁለት ማኅበር ሆኑ፤ ሁለቱም ለአይናዲስ እየደወሉ «እውነተኛው እኛ ነን» ይሏታል። ከዚያ መተዳደሪያ ደንብ ወጣ፤ ምኞት ሰብሳቢ፣ እዚያው በረዶው አገር የሚኖር አማኑ የሚባል የሰፈር ልጅ ጸሐፊ ሆኑ። በደንቡ ውስጥ ሙሴ የሚባል ነገር የለም። አይናዲስ «የአገር ቤት ቅርንጫፍ አስተባባሪ» ተብላለች።

«ቅርንጫፍ?» አለቻት ደንቡን የምታነብላትን የጎረቤቷን ልጅ እየሩስን። «ግንዱ በረዶ ላይ በቅሎ ነው እኔ ቅርንጫፍ የሆንኩት?»

እየሩስ ሳቋን ዋጠች። አይናዲስ ግን አልሳቀችም። ለቀናት «አስተባባሪ» እያለች ክር ስትመዝን፣ ዚፕ ስትቆርጥ ታጉረመርም ነበር።

ነገሩ የከረረው ቀኑ ሲነካ ነው። አሥራ ስድስት በሥራ ቀን እየዋለ ስላስቸገራቸው ማኅበሩን ወደ ቅዳሜ አዛወሩት።

«እማዬ፣ እዚህ በማክሰኞ ማን ይፈቅድልናል?» አለቻት ምኞት በስልክ።

«ኪዳነ ምሕረት የእረፍት ቀንሽን ጠይቃ ትምጣ በይኛ።»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ብለሻል። አጨብጭባችሁ አጽድቃችሁታል።»

እነሱ በቅዳሜ ያዙ፤ አይናዲስ በአሥራ ስድስቷ ጸናች። «በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት» አለቻት መይሙናን። መይሙና ከሱቋ አጠገብ የፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጥ፣ በየአሥራ ስድስቱ ትልልቅ ድስቶቿን የምታውሳት የዘመናት ጎረቤቷ ናት።

«አንቺስ ቀን ነው የቀየሩብሽ» አለች መይሙና። «የኔው ልጅ ከጅዳ እየደወለ አሰጋገዴን ያርመኛል። አባቱ ያስተማረኝን። እጄን የት እንደማደርግ በዚህ ዕድሜዬ ከስልክ ልማር?»

ሁለቱም ተያዩና ሊስቁ ብለው ተዉት። የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

በመጨረሻ በረዶው አገር ያሉት አዳራሽ ተከራዩና ስብሰባ ጠሩ። የሚነጋገሩት ስለ ጽዋው ነበር፤ እዚያ ይምጣ ወይስ እዚህ ይቅር። አይናዲስ ይኼን ስትሰማ ሱቋን እንደከፈተች እየሩስን ጠርታ ዙም የሚባለውን አስከፈተች። ስልኩ በራ፤ ፊት አልመጣም፣ ድምፅም አልመጣም፤ አንድ የእንግሊዝኛ መስመር ብቻ ቆመ።

«ምን ይላል?»

«አስተናጋጁ እስኪያስገባዎት ይጠብቁ ይላል፣ እትዬ።»

«የቱ አስተናጋጅ?»

እየሩስ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አቆመችላት። አንድ ጊዜ የማይታወቁ ሰዎች በጸሎት መሃል ገብተው ስለተሳደቡ ነው አሉ እንዲህ ያለው መቆለፊያ የተበጀው። አይናዲስ ጠበቀች። ዚፕ ፈላጊ መጥቶ ሄደ። ክር ፈላጊ መጥቶ ሄደ። እናቷ ሰካራም ያስገባችበት ማኅበር እሷን ደጅ አስጠናት። ሙድ እየያዙብኝ ነው አለች መጀመሪያ፤ ከዚያ ግን ሙድ እንኳ እንዳልሆነ፣ ጭራሽ ትዝ እንዳላለቻቸው ገባት፤ ይኼኛው ከስድብ ባሰባት። በሩ ሲከፈትላት የስንብት ጸሎት ላይ ደርሰው ነበር።

«ይቅርታ እትዬ አይናዲስ፣ ክርክሩ ሲጦፍ አላየንዎትም» አለ አማኑ። «ጽዋው ወደዚህ እንዲመጣ በድምፅ ብልጫ ተወስኗል። ምኞት ራሷ መጥታ ትወስደዋለች።»

«አማኑ፣ አንተን በዚህ ማኅበር ዳቦ ነው ያሳደግንህ።»

«እሱማ እናመሰግናለን» አለ፤ የምሩን ነበር።

ስልኩን እየሩስ እጅ ላይ ወረወረችው። ልብስ ሰፊው የሸሚዝ ቁልፍ ሊገዛ የመጣው እንግዲህ ያን ዕለት ነው።

ምኞት ከመምጣቷ በፊት የአይናዲስ የነፍስ አባት አባ ዘርዓብሩክ ሱቅ ድረስ መጡ። ከውጭ ደውለውላቸው ነበር፤ እንዲመክሯት። ባንኮኒው አጠገብ ቆመው መስቀላቸውን አሳለሟትና «ልጄ፣ በረከቱ እዚያም በረከት ነው» አሏት። «ኪዳነ ምሕረት ድንበር የላትም።»

«እሷማ የላትም፣ አባ» አለች አይናዲስ። «ፓስፖርት የምንጠየቀው እኛ ነን።»

አባ ዘርዓብሩክ ለካባቸው ክር ገዝተው ሄዱ።

ምኞት ስትመጣ አይናዲስ አገላብጣ ሳመቻት፣ አበላቻት፣ በልጅነቷ በተኛችበት ክፍል አልጋ አነጠፈችላት። ቁጣዋን ግን አላስቀመጠችም። በማግስቱ እዚያው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነገሩ ተነሣ።

«እማዬ፣ ለታይታ ብለን አይደለም» አለች ምኞት። «የማነ የሚባል ልጅ ነበር፣ በባሕር የመጣ። ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ይቆማል፣ ማንንም ሳያናግር ይወጣል። ክፍሉ ውስጥ ሞቶ የተገኘው ሽታው ጎረቤት ከደረሰ በኋላ ነው። ከእኛ አንድም ሰው ቤቱን አያውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ማኅበሩን የሙጥኝ ያልነው። ግን በወረቀት ብርጭቆ እየጠጣን ጽዋ ነው እንላለን። የአያቴ ጽዋ መሃላችን ቢቀመጥ ሰዉ ይሰበሰባል። እንደ የማነ ያለውም ይመጣል።»

አይናዲስ ለማታውቀው ልጅ አለቀሰች። እናቱ የት ሆና እንደሰማች እያሰበች ነው ያለቀሰችው። አልቅሳ ስትጨርስ ግን ደሟ ይበልጥ ፈላ።

«ቤቱን የሚያውቅ ጠፍቶ ሰው ሞተባችሁ» አለች። «እናንተ ደግሞ መቆለፊያ ጨመራችሁ። ያ አዳራሻችሁስ እንዴት ነው የሚከፈተው?»

«ኮድ አለው።»

«ኮዱን የማያውቅ የማነ ቢመጣስ?»

 «ውሳኔው የኔ ብቻ አይደለም» አለች ምኞት። ይኼ አይናዲስን ጭራሽ አሳበዳት፤ ሰብሳቢዋ ራሷ ናትና።

አሥራ ስድስት ደረሰ። ተራው የአይናዲስ ነበር። ጋሽ ገብረክርስቶስ፣ ከማኅበሩ መሥራቾች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ከከተማው ዳር በታክሲ መጡ። አባ ዘርዓብሩክ ጸለዩ። መይሙና ድስቷን ይዛ መጥታ በር አጠገብ ተቀመጠች። ጽዋው ተገለጠ፣ በሩ ተበረገደ። ዳቦው ተቆርሶ ሲያበቃ አይናዲስ ጽዋው ከዚህ ንቅንቅ አይልም ልትል ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ስትለማመደው ነው የዋለችው። ምኞት ግን ቀድማት ተነሣች። ጽዋውን ተሳለመችና «ለእኔ ይሁን» አለች።

 ሁሉም አይናዲስን አያት። ልጅቷ ደንብ ጠቅሳ ብትመጣ ደንቡን ቀድዳ ትጥልላት ነበር። አሁን የመጣችው በአያቷ ሕግ ነው፤ የጠየቀ አይከለከልም። አይናዲስ እሳት ጎርሳ ቆመች። በራሷ ዱላ ተመታች።

«ይሁንልሽ» አለች ጥርሷን ነክሳ። ጽዋውን በነጠላ ጠቅልላ አስታቀፈቻት። ወደ ማኅበርተኛው ዞራ «ተነሡ» አለች። «እንሸኛት።»

«የት ነው የምትሸኙኝ? በረራዬ እኮ ገና ነው።»

«ጽዋ ብቻውን አይሄድም» አለች አይናዲስና ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ወጣች።

ማኅበርተኛው የት እንደሚሄድ ሳያውቅ ተከተላት፤ ጽዋ ሲወጣ መከተል ለምዶበታል። እየሩስ መዝሙር አነሣች። ዳገቱን ይዘው ወደ ፒያሳ ወጡ፤ ጋሽ ገብረክርስቶስ በከዘራቸው እየተደገፉ፣ መይሙና ከኋላ ጫማዋን እየረገመች። ቴዎድሮስ አደባባይ ሲደርሱ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። አይናዲስ እዚያ ቆመች። መዝሙሩም ቆመ።

«በይ ምሪን» አለቻት ልጇን። «ቤትሽ በየት በኩል ነው?»

«እማዬ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን። ሕጉን ታውቂያለሽ። ደጅሽን ረግጠን፣ ቤትሽ ገብተን ቀምሰን ነው የምንመለሰው። እኔ፣ ጋሽ ገብረክርስቶስ፣ አባ፣ እየሩስ። ምሪን።»

«መምጣት አትችሉም።»

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«አንቺ ንገሪኝ። እኔ ስናገር ተስቆብኛል።»

ምኞት ጽዋውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። «አያስገቧችሁም» አለች።

«እኔን የማያስገባ በር ጽዋዬን ለምን ያስገባል?» አለች አይናዲስ። አልጮኸችም፤ ቢሆንም «አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ» ሲል የነበረው የታክሲ ረዳት እንኳ ጥሪውን አቋርጦ አዳመጠ። «ነርሷ ትፈለጋለች፣ ትገባለች። ዕቃውም ያምራል፣ ይገባል። እናቷን ግን ምን ሊያደርጓት? እንዲህ ወዳለ ቤት ጽዋ አይሸኝም፣ ልጄ። ሌላ ቤት አለሽ።»

ዞራ የመጡበትን መንገድ ተያያዘችው። ሰዉም ዞረ፤ እየሩስ መዝሙሩን ካቆመችበት ቀጠለች። እሪ በከንቱ ደርሰው፣ ተከፍቶ በጠበቃቸው በር ገብተው፣ አይናዲስ ሳሎኑን አልፋ ምኞት ያደገችበት ክፍል ገባችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ደረስን» አለች። «ባለቤቷ፣ ቅመሱ በይና።»

ምኞት ጽዋውን ከመስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ የነበረው ንዴት ቁርጥ የእናቷን ነበር፤ መይሙና አይታው ሳቀች። ከዚያ ሄዳ ከተረፈው ዳቦ ቆርሳ፣ ከጋሽ ገብረክርስቶስ ጀምራ ለሁሉም አደለች። እናቷን መጨረሻ ላይ ሰጠቻት። 

ምኞት ወደ በረዶው አገር ባዶ እጇን ተመለሰች። ግሩፑ ታመሰ፤ አማኑ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ፤ ዴንቨር ያሉት ሁለቱ ማኅበሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙና አይናዲስን ኮነኗት። አይናዲስ ስልኳን ዘግታ ክሯን ሸጠች።

ወሩ ዞሮ አሥራ ስድስት ሐሙስ ዋለ። ተረኛዋ ባሕር ማዶ ስለሆነች አይናዲስ ራሷ ልትደፋ ዱቄት ይዛ ወደ ማድቤት ስትገባ እየሩስን ቀድማ ሊጡን አቡክታ አገኘቻት።

«ማን አዘዘሽ?»

«ተረኛዋ» አለች እየሩስ፣ ቀና ሳትል።

ጸሎቱ ሊጀመር ሲል ስልኩ ጠራ። ምኞት ናት፤ በሥራ ቀን፣ ፈቃድ ለምና። ከኋላዋ አዳራሹ ይታያል። ሰዎቹ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተኮማትረው ተቀምጠዋል። የአዳራሹ በር እንዳይዘጋ በወንበር ተይዞ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከደጃፉ ወዲያ በረዶው ነጭ ሆኖ ይታያል። አማኑ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ይንቀጠቀጣል። አይናዲስ እሱን ስታይ ደስ አላት፤ ይብረደው።

በሩ አጠገብ፣ ከሁሉም ራቅ ብሎ፣ ኮፍያውን ያላወለቀ አንድ ወጣት ተቀምጧል።

«ያ ማነው?» አለች አይናዲስ።

«አናውቀውም» አለች ምኞት። «ክፍት ሲያገኘው ገባ።» ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እማዬ፣ እኔስ ልግባ?» አለች።

አይናዲስ ስልኩን ከመሶቡ አስደግፋ፣ የጽዋውን ልብስ ገለጠች።

«በዚህ ቤት በር መቼ ተዘግቶብሽ ያውቃል?» አለቻት፤ ቁጣው ከድምጿ አልወጣም ነበር። «የተዘጋው በእኔ ላይ ነው።»